ለአጭር ሞገድ የሚሆን የአንቴና ቅድመ ማጉያ በምን ይመዘናል?

ሞገድ ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የአጭር ሞገድ ሥርጭት የማዳምጠው በአንድ የጠረጴዛ መቀበያና ከኮምፒውተር ጋር በሚሠራ፣ አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ3 በተባለ ትንሽ መቀበያ ነው። አንቴናዬ ከጣሪያ ጠርዝ እስከ አንድ ምሰሶ የተዘረጋ፣ 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሽቦ ሲሆን፣ በ9 ለ1 ትራንስፎርመር በኩል ከ20 ሜትር አርጂ-58 ኮአክሲያል ገመድ ጋር ተገናኝቷል። በ49ና በ31 ሜትር ባንዶች ብዙም የምማረርበት ነገር የለም። በ16ና በ13 ሜትር ባንዶች ግን የደካማ ጣቢያዎች ንግግር ሊለይ ሲል ተመልሶ ጫጫታው ውስጥ ይሰምጥብኛል። በዚህ ምክንያት በአንቴናውና በመቀበያው መካከል ቅድመ ማጉያ ለማስገባት አስቤያለሁ።

የቸገረኝ ምርጫው ነው። ያገኘኋቸው ዕቃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በትንሽ ሰሌዳ ላይ አንድ ቺፕ ብቻ የተቀመጠበት፣ ከ50 ሜጋኸርዝ እስከ 4 ጊጋኸርዝ ይሠራል የተባለና ከ20 ዴሲቤል (የኃይል ንጽጽር መለኪያ፤ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ነው) ያላነሰ የሚያጎላ ነው። ሁለተኛው የኖርተን ማጉያ የሚሉት ሲሆን 11 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያጎላል፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሦስተኛው እንደ ኤምኤፍጄ-1020ሲ ያለ፣ ከ0.3 እስከ 40 ሜጋኸርዝ ያለውን በእጅ እየተቃኘ የሚሸፍን ማጉያ ነው። ብዙ የሚያጎላው ርካሽ፣ ጥቂት የሚያጎላው ውድ የሆነበት ምክንያት አልገባኝም። እነዚህን በምን መመዘኛ ላወዳድራቸው? ማጉያው መቀመጥ ያለበትስ አንቴናው ሥር ነው ወይስ መቀበያው አጠገብ?

ጸጥታ ወዳድ፦

ሰላም ሞገድ ፈላጊ። ዕቃዎቹን ከማወዳደርዎ በፊት ማጉያ ያስፈልግዎት እንደሆነ የሚነግርዎት ቀላል ሙከራ አለ፤ እሱን ሳይሠሩ የሚገዙት ማንኛውም ማጉያ ዕጣ እንደ መጣል ነው።

መቀበያው የሚሰማው ጫጫታ ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ አንዱ አንቴናው ከውጭ የሚሰበስበው ሲሆን ሌላው መቀበያው ራሱ የሚፈጥረው ነው። ቅድመ ማጉያ ሊረዳ የሚችለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከውጭ የገባውን ጫጫታ ግን ከጣቢያው ድምፅ ጋር በእኩል መጠን ስለሚያጎላው፣ የመለኪያው መርፌ ወደ ላይ ከመውጣቱ በቀር የንግግሩ ጥራት አይሻሻልም። በጭስ በተሞላ ክፍል ውስጥ መብራት ቢያደምቁ ጭሱ ይበልጥ ይታያል እንጂ በወዲያ በኩል የቆመው ሰው አይታይም፤ የማጉያውም ነገር ከዚህ አይለይም።

በአጭር ሞገድ የውጭው ጫጫታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት፣ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ፒ.372 በተሰኘው ሰነዱ ያስቀመጠውን ስሌት ማየት ይበቃል። በዚያ ስሌት መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሰው ሠራሽ ጫጫታ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ከሙቀት ጫጫታ (ማንኛውም ሬዚስተር በሙቀቱ ብቻ ከሚፈጥረው) በ45 ዴሲቤል ገደማ፣ በ20 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ በ36 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል። ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በራቀና ጸጥ ባለ ገጠር እንኳ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ልዩነቱ 25 ዴሲቤል ነው። ደኅና የአጭር ሞገድ መቀበያ በራሱ የሚጨምረው ጫጫታ፣ ማለትም ኖይዝ ፊገሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በቂ ርዝመት ያለው ሽቦ ከተዘረጋ፣ በታችኞቹ ባንዶች የውጭው ጫጫታ የመቀበያውን ጫጫታ ፈጽሞ ይውጠዋል፤ ኖይዝ ፊገሩ 1 ዴሲቤል የሆነ ማጉያ ለዚያ ቦታ ምንም አይፈይድም።

ሙከራው እንዲህ ነው። ጣቢያ የሌለበት ድግግሞሽ ላይ ይቁሙ፤ መቀበያው የድምፅ መጠኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን ሥርዓት ያጥፉ ወይም ማጉላቱን በእጅ አንድ ቦታ ላይ ያጽኑት። የአንቴናውን ገመድ ከመቀበያው ይንቀሉና በምትኩ 50 ኦም ሬዚስተር ያለበት መሰኪያ ያስገቡ፤ ከዚያም አንቴናው ሲመለስ ጫጫታው በስንት ዴሲቤል እንደሚጨምር ይመዝግቡ። ጭማሪው 10 ዴሲቤል ከሆነ፣ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ማጉያ፣ የራሱ ጫጫታ ጭራሽ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ሊያሻሽልልዎት የሚችለው ከግማሽ ዴሲቤል አይበልጥም፤ ይህን ደግሞ ጆሮ አይለየውም። ጭማሪው 3 ዴሲቤል ከሆነ የሚገኘው ጥቅም ቢበዛ 3 ዴሲቤል ነው። ጭማሪው 1 ዴሲቤል ብቻ ከሆነ ግን ወደ 7 ዴሲቤል የሚጠጋ ማሻሻያ ተደብቆ አለ ማለት ነው፤ ማጉያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሙከራውን በአንድ ባንድ ብቻ ሳይሆን በየባንዱ ይድገሙት፤ ውጤቱ በእርግጠኝነት ይለያያል።

በነገራችን ላይ በ13 ሜትር ባንድ የሚያዳምጡት በስንት ሰዓት ነው? ይህ ባንድ በዋናነት የቀን ባንድ ስለሆነ ከመሸ በኋላ ባዶ ቢሆንብዎት ጥፋቱ የአንቴናውም የመቀበያውም አይደለም።

ሁለት ትራንዚስተር፦

ጸጥታ ወዳድ ስለ ጫጫታ በተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም። ማጉያ ያስፈልጋል የሚል መልስ ከተገኘ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ የሚያጎላው ርካሽ የሆነበት ምሥጢርም እዚያ ላይ ይፈታል። ማጉላት ቀላል ነገር ነው። አስቸጋሪው ነገር ኃይለኛ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲገቡ ሳያደባልቁ ማጉላት ነው።

ጠያቂው የተቸገሩባቸው ባንዶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ማንኛውም ማጉያ በተወሰነ ደረጃ ሁለት ሲግናሎችን እየደመረና እየቀነሰ በሌላ ቦታ የሐሰት ጣቢያ ይፈጥራል፤ ኢንተርሞዱሌሽን የሚባለው ይህ ነው። በ49 ሜትር ባንድ 5.975 ሜጋኸርዝ ላይ አንድ ኃይለኛ ጣቢያ፣ በ25 ሜትር ባንድ ደግሞ 11.6 ሜጋኸርዝ ላይ ሌላ አለ ብንል፣ ድምራቸው 17.575 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይኸውም በቀጥታ 16 ሜትር ባንድ ውስጥ ይወድቃል። ከ31 ሜትር 9.6 እና ከ25 ሜትር 11.95 ቢደመሩ 21.55 ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ 13 ሜትር ባንድ ነው። እንግዲህ ደካማ ጣቢያ በሚፈልጉበት ቦታ ላይ የሁለት ኃይለኛ ጣቢያዎች ቅልቅል ይቀመጥና እውነተኛውን ይሸፍነዋል። በብዙ ቅልቅሎች ላይ ደግሞ ንግግሩ ስለማይለይ፣ አድማጩ እንደ ተራ ጫጫታ ይቆጥረዋል።

የዚህ መለኪያ ኢንተርሴፕት ነጥብ የሚባለው ነው፤ የሁለተኛው ደረጃ (ከላይ እንዳሉት ያለ ቀጥተኛ ድምር ወይም ልዩነት) አይፒ2፣ የሦስተኛው ደረጃ (የአንዱ እጥፍ ከሌላው ጋር ሲደመር ወይም ሲቀነስ የሚመጣው) አይፒ3 ይባላል። በመግለጫ ወረቀት ላይ ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ። ከማጉያው ሁለት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው በ−20 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የሚለካ ኃይል) ይወጣሉ እንበል፤ ምሽት ላይ በሽቦ አንቴና ላይ ይህ የማይጠበቅ አይደለም። የማጉያው የውጤት አይፒ3 +14 ዲቢኤም ከሆነ የሦስተኛ ደረጃው ቅልቅል −88 ዲቢኤም ይደርሳል፤ በመቀበያ የሲግናል መለኪያ ላይ ኤስ 9 ማለት −73 ዲቢኤም ስለሆነ ይህ ከኤስ 6 በላይ የሆነ የሐሰት ጣቢያ ነው። አይፒ3ው +40 ዲቢኤም ከሆነ ግን ቅልቅሉ −140 ዲቢኤም ላይ ይቀራል፤ ከየትኛውም የአንቴና ጫጫታ እጅግ በታች ስለሆነ ማንም አይሰማውም። ሁለቱ ማጉያዎች በማጉላት መጠን አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ዕቃዎች ልምጣ። ባለ አንድ ቺፑ ከ50 ሜጋኸርዝ በላይ ለሚሠራ ሥራ የተነደፈ ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት ማያያዣ ካፓሲተሮችና የሽቦ ጥቅልሎች ለዚያ ስለተመጠኑ፣ በአጭር ሞገድ ላይ የሚኖረው ጠባይ ወረቀቱ ላይ የለም። ከዚህም በላይ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉት የኤፍኤም ጣቢያዎች፣ በቅርብ ካሉ፣ በሙሉ ኃይላቸው ይገቡበታል። ኖይዝ ፊገሩ ከ1 ዴሲቤል በታች መሆኑ ለሳተላይት ሥራ ክብር ነው፤ ለእርስዎ ግን ጸጥታ ወዳድ ባስረዱት ምክንያት ዋጋ የለውም። ይህን ከዝርዝሩ ቢያወጡት እመክራለሁ።

የኖርተን ማጉያ የተሠራበት ሐሳብ ብልህ ነው። አብዛኞቹ ማጉያዎች ጠባያቸውን ለማረም ከውጤቱ ከፊሉን በሬዚስተር በኩል ወደ መግቢያው ይመልሳሉ፤ ሬዚስተር ደግሞ የራሱን ጫጫታ ይዞ ይመጣል። ዴቪድ ኖርተን ይህን ምላሽ በትራንስፎርመር ስላደረገው ጫጫታ ሳይጨመር ማጉያው ይታረማል። የማጉላቱ መጠን የሚወሰነው በትራንስፎርመሩ የጥቅል ብዛት ነው እንጂ በትራንዚስተሩ ዕድል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገባበት 2ኤን5109 ትራንዚስተር ሲሆን፣ ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው ሲሠሩ፣ ማለትም በፑሽ-ፑል ሲያያዙ፣ ከላይ የጠቀስኋቸው የድምር ቅልቅሎች አብዛኛው እርስ በርሱ ይሰራረዛል። በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ብዙ አስር ሚሊአምፔር ስለሚያልፍ ሲነኩት ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣ ቆብ የሚደረግለትም ለዚህ ነው። ዋጋው የሚወደደው እንግዲህ በዚህ በዚህ ነው። ጉድለቱም አይደበቅም፤ ከውጤቱ ወደ መግቢያው የሚመለሰውን ሲግናል እምብዛም ስለማይከለክል፣ በስተኋላው ያለው ነገር 50 ኦም ካልሆነ መግቢያው አብሮ ይዛባል።

ተቃኝቶ የሚሠራው ዓይነት የራሱ ጸጋ አለው፤ ከመጉላቱ በፊት የማይፈለገውን ባንድ ስለሚያጣራ ቅልቅሉ ገና ሳይፈጠር ይቀራል። ጣቢያ በቀየሩ ቁጥር ቁልፉን ማዞር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰፊ ባንድ በአንድ ጊዜ በሚያሳይ ኤስዲአር ላይ ደግሞ ከእይታው አብዛኛውን ያጨልመዋል።

ባለ ቀለበቱ፦

ከላይ ያሉት ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ ይሁን እንጂ ማጉያ ሁልጊዜ ትርፍ ነገር እንዲመስል አልፈልግም። በአንቴናው ላይ የሚወሰን ነገር ነው። አንድ ሜትር ዲያሜትር ያለው የቀለበት አንቴና ከሽቦዎ አንጻር የሚሰጠው ሲግናል በጣም ትንሽ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚሰሙት ፍላግ የመሰሉ የሽቦ አንቴናዎች ደግሞ በታችኞቹ ባንዶች ከተራ አንቴና 30 ዴሲቤል ገደማ ሊያንሱ ይችላሉ። እነዚህ የሚያቀርቡት ጫጫታም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ጸጥታ ወዳድ የነገሩንን ሙከራ ቢሠሩባቸው አንቴናው ሲሰካ ምንም ለውጥ ላይሰማ ይችላል። እዚያ ላይ ማጉያው የግድ ነው፤ ቦታውም አንቴናው ሥር ነው። እንደ ዌልብሩክ ባሉ ቀለበቶችና ሚኒ-ዊፕ በሚባለው አጭር አንቴና ላይ ማጉያው የአንቴናው አካል ነው፤ የአንቴናውን ባሕርይ ከገመዱ 50 ኦም ጋር የሚያስማማው እሱ ስለሆነ ነቅሎ በሌላ መተካት አይቻልም።

እኔ በጠያቂው ቦታ ብሆን ሽቦው ላይ ማጉያ ከመጨመር ይልቅ ቀለበት እሞክር ነበር። ቀለበት ሲዞር አንድ አቅጣጫ ይደነቁራል፤ የጎረቤት ኃይል መቀየሪያ የሚያሰማውን ዝዝታ በዚያ አቅጣጫ ላይ ማሳረፍ የሲግናሉንና የጫጫታውን ልዩነት በእውነት ያሰፋዋል። ይህን ደግሞ ማጉያ ብቻውን አያደርገውም።

ሞገድ ፈላጊ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙከራውን በጠረጴዛ መቀበያው ላይ ቀን ላይ ሠራሁት። አንቴናው ሲሰካ ጫጫታው በ9.4 ሜጋኸርዝ አካባቢ በ14 ዴሲቤል፣ በ17.5 አካባቢ በ5 ዴሲቤል፣ በ21.5 አካባቢ በ2 ዴሲቤል ይጨምራል። ከዚያ መቀበያውን ከግድግዳ አዳፕተር አውጥቼ በ12 ቮልት ባትሪ ሳስነሣው በ9.4 ላይ የነበረው ጭማሪ ከ14 ወደ 8 ዴሲቤል ወረደ፤ ቀድሞ ተሸፍነው የነበሩ ጣቢያዎችም ምንም ማጉያ ሳይገባ ወጡ። በላይኞቹ ባንዶች ላይ ባትሪው ያመጣው ለውጥ የለም።

በኤስዲአሩ ላይ ያየሁት ግን ግራ አጋብቶኛል። ምሽት ላይ በ21.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ብዙ ኃይለኛ ጣቢያዎች ይታያሉ፤ የጠረጴዛው መቀበያ በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ አንድም አይሰማም። ይህ ሁለት ትራንዚስተር የገለጹት ቅልቅል ነው?

ሁለት ትራንዚስተር፦

ይህኛው ከዚያ የተለየ ነው። አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ3 በአጭር ሞገድ የሚሠራው ሲግናሉን በሰከንድ 28.8 ሚሊዮን ጊዜ በቀጥታ ናሙና እየወሰደ ነው። በዚህ አሠራር ከ14.4 ሜጋኸርዝ በላይና በታች ያሉት ድግግሞሾች እንደ መስታወት አንዱ በአንዱ ላይ ይታጠፋሉ። 28.8 ሲቀነስ 21.5 ማለት 7.3 ሜጋኸርዝ ነው፤ እርስዎ ያዩት የ41 ሜትር ባንድ ጣቢያዎችን ነው። በመሣሪያው ውስጥ ይህን የሚከለክል ማጣሪያ ስለሌለ፣ ያለ ማጣሪያ ቅድመ ማጉያ ቢጨምሩበት እውነተኛውም ነጸብራቁም እኩል ያድጋሉ። ናሙናው ባለ 8 ቢት በመሆኑም ደካማና ኃይለኛ ጣቢያ አብሮ የመያዝ አቅሙ ጠባብ ነው፤ ማጉላት ሲጨመር መጀመሪያ የሚሞላው ይህ አቅም ነው።

ሁለቱን ለመለየት 10 ዴሲቤል አቴኑዌተር (ሲግናሉን በታወቀ መጠን የሚቀንስ ዕቃ) ከመቀበያው በፊት ያስገቡ። እውነተኛ ጣቢያና እንዲህ ያለ ነጸብራቅ በ10 ዴሲቤል ይቀንሳሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ቅልቅል በ20፣ የሦስተኛ ደረጃ ቅልቅል በ30 ዴሲቤል ይወርዳል። እንግዲህ በ10 ብቻ ከወረደና ድግግሞሹ ከ28.8 ሲቀነስ በሚገኘው ቦታ ላይ በጠረጴዛው መቀበያ ያው ንግግር ከተሰማ ነጸብራቅ ነው።

ጸጥታ ወዳድ፦

የሙከራዎ ውጤት በደንብ ይናገራል። በ31 ሜትር ባንድ 8 ዴሲቤል ጭማሪ ባለበት፣ ማጉያ ቢገባ የሚገኘው ከ1 ዴሲቤል በታች ነው፤ እዚያ አያስገቡ። በ16 ሜትር ከፍተኛው ጥቅም 1.7 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ቢኖርም ባይኖርም ነው። በ13 ሜትር ግን ከ4 ዴሲቤል በላይ አለ፤ ማጉያው የራሱን ጫጫታ ከጨመረ በኋላ 3 ዴሲቤል ያህል ቢተርፍዎ፣ ሊለይ ሲል የሚሰምጠው ንግግር እንዲለይ ሊያደርገው ይችላል። አዳፕተሩን በማውጣትዎ ያገኙት 6 ዴሲቤል ደግሞ በታችኛው ባንድ ከማንኛውም ማጉያ የሚበልጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ባለ ቀለበቱ ያሉትንም አልቃወምም፤ በታችኞቹ ባንዶች ቀለበት ቢሞክሩ መልካም ነው፤ ለ13 ሜትር ግን ሽቦው ራሱ በቂ ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ የሚሆነው ከ15 ሜጋኸርዝ በላይ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያና ከሱ ኋላ በፑሽ-ፑል የተሠራ የኖርተን ማጉያ ነው። ማጣሪያው ከማጉያው በፊት መምጣት አለበት፤ በማጣሪያው የሚባክነው እያንዳንዱ ዴሲቤል በኖይዝ ፊገሩ ላይ እንዳለ ቢደመርም፣ የ49፣ የ41ና የ31 ሜትር ኃይለኞች ወደ ትራንዚስተሩ ሳይደርሱ ስለሚቀሩ ኪሳራው ይካሳል። በኤስዲአሩ ላይ ያስቸገረዎትን ነጸብራቅም ይኸው ማጣሪያ አብሮ ያስወግደዋል። በ20 ሜትር አርጂ-58 ላይ የሚጠፋው በ21 ሜጋኸርዝ ከ1.5 ዴሲቤል ስለማይበልጥ ማጉያውን ምሰሶ ላይ መስቀል አያስፈልግም፤ ዝናብና መብረቅ የማይደርስበት መቀበያው አጠገብ ይሁን። መብረቅ ሲያሰጋ ግን ገመዱን ከነአካቴው ይንቀሉት። መግቢያው ላይ መከላከያ ብለው ሁለት ዳዮዶችን በግልባጭ የሚያስሩ አሉ፤ እነዚህ ራሳቸው ቅልቅል ስለሚፈጥሩ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንቃቃ ይሁኑ። ኃይሉን ከባትሪ ወይም ትራንስፎርመር ካለው የቆየ ዓይነት ኃይል ሰጪ ያምጡ፤ ያባረሩትን አዳፕተር በሌላ በር እንዳያስገቡት። ገመዱንም ከመቀበያው አጠገብ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ብዙ ዙር ያሳልፉት፤ የቤት ውስጥ ጫጫታ በገመዱ የውጭ ሽፋን ላይ እየተጓዘ ወደ አንቴናው እንዳይወጣ ይገታዋል።

ማጉላቱ ለመቀበያው ከበዛ አቴኑዌተሩን ከማጉያው በኋላ እንጂ በፊት አያድርጉት። በመጨረሻም ማጉያውን በአንድ ማብሪያ የሚያልፉበት መንገድ ይሥሩለት፤ ሲያወዳድሩም በሁለቱ ሁኔታዎች የድምፁን መጠን በእጅ እኩል ካደረጉ በኋላ ያዳምጡ፤ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ ይህ ካልተደረገ የትኛውም ማጉያ ማሸነፉ አይቀርም።

ሞገድ ፈላጊ፦

ገብቶኛል። ማጣሪያውን ብቻውን አስቀድሜ እሠራና ያለ ማጉያ በኤስዲአሩ ላይ እሞክረዋለሁ፤ የ41 ሜትር ነጸብራቅ ከጠፋ በኋላ በ21.5 ላይ የሚቀረው ምን እንደሆነ ካየሁ በኋላ ትራንስፎርመሮቹን ለመጠቅለል እገባለሁ።